ኤፍ-5፣ ሚግ-21 ወይስ ሚግ-23? ለድሬዳዋና ለሐረር ወጣቶች የተዋጊ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን መምረጫ

ስለ ጦር አውሮፕላን ሊያጠና የተነሳ ወጣት ምርጫውን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «ከሁሉ የሚፈጥነው የትኛው ነው?» ብሎ ነው። በአየር ላይ ተዋግቶ ምድርንም ለሚደበድበው፣ ተዋጊ ቦምብ ጣይ ለሚባለው አውሮፕላን ግን ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት አውሮፕላኑ ምን ያህል ቦምብ እንደሚሸከም፣ ከምን ዓይነት ማኮብኮቢያ እንደሚነሳ፣ ምን ያህል ርቆ ሄዶ እንደሚመለስና መለዋወጫው ከማን እንደሚመጣ ነው። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ከሶማሊያ ጦር ያተረፈው ነገር የፍጥነት ቁጥር አልነበረም። ይህን በደንብ የተረዳ ተማሪ ከሦስቱ የትኛውንም ቢመርጥ ጥሩ ጥናት ይጽፋል ብዬ አምናለሁ።

ይህ መመሪያ አንድ አውሮፕላን መርጠው በትምህርት ቤት ክበብ ጥናት ለሚያቀርቡ፣ ሞዴል ለሚሠሩ፣ እንዲሁም ከአያቶቻቸው የሰሙትን ከታሪክ ጋር ማገናኘት ለሚፈልጉ የሁለቱ ከተሞች ልጆች ነው። ዕጩዎቹን በሦስት ገድቤአቸዋለሁ፤ አሜሪካ ሠራሹ ኤፍ-5 እና ሶቪየት ሠራሾቹ ሚግ-21 እና ሚግ-23 ቢኤን። ሁለቱ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት በዚሁ ሰማይ ላይ ተፋልመዋል፤ ሦስተኛው የዚያ ጦርነት ውጤት ሆኖ ወደ አገራችን ገባ። የአገር ውስጡን ዘመን በእኛ አቆጣጠር፣ የውጪውን እ.ኤ.አ. እያልኩ ጽፌአለሁ።

የድሬዳዋ አየርና የማክ ቁጥር

ማክ 1 ማለት የድምፅ ፍጥነት ነው። ድምፅ ደግሞ በሞቃት አየር ውስጥ ይፈጥናል፣ በቀዝቃዛው ይዘገያል። የአየሩ ሙቀት 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ድምፅ በሰዓት 1,225 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ35 ዲግሪው የድሬዳዋ ቀትር 1,267 ገደማ ይደርሳል፤ 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ብርዱ በበረታበት፣ ወደ 1,060 ይወርዳል። ስለዚህ ማክ 2 የሚለው ጽሑፍ ከፍታው ካልተነገረ ምንም አይነግረንም። በመጻሕፍት የሚታተመው ትልቁ ቁጥር የሚገኘው ከፍ ባለ ቀዝቃዛ አየር ላይ፣ ክንፉ ሥር ብዙ ነገር ሳይንጠለጠል፣ አፍተርበርነር ተለኩሶ ነው። አፍተርበርነር ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጋዝ ላይ ነዳጅ እየረጨ ተጨማሪ ግፊት የሚሰጥ ክፍል ነው፤ ነዳጁንም በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳል።

ቦምብ የተሸከመ አውሮፕላን እንዲህ አይበርርም። የተንጠለጠለው ብረት ከአየሩ ጋር ይታገላል፣ ሦስቱም አውሮፕላኖች ወደ ዒላማቸው የሚሄዱት ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው። ከድሬዳዋ እስከ ጅጅጋ በቀጥታ መስመር 107 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበርር አውሮፕላን የሰባት ደቂቃ መንገድ። ፍጥነቱን እጥፍ ቢያደርገው የሚያተርፈው ሦስት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው፤ የሚከፍለው ግን የመመለሻውን ነዳጅ ነው።

ከዚህ ይልቅ ማኮብኮቢያው ላይ የሚሆነውን ተመልከቱ። የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በ35 ዲግሪ ሙቀት እዚያ ያለው አየር፣ በባሕር ጠለል ከሚለካው መደበኛ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ክንፉ ክብደቱን ለማንሳት 11 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሞተሩ ደግሞ የሚስበው አየር ስለሚቀንስ ግፊቱ ይደክማል። ሁለቱ ሲደመሩ መንደርደሪያው በግማሽ ያህል ይረዝማል። በባሕር ጠለል አንድ ሺህ ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን ድሬዳዋ ላይ በቀትር አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሊፈልግ ይችላል ማለት ነው። አብራሪው ሁለት አማራጭ አለው፤ ወይ ገና ሳይሞቅ በማለዳ መነሳት፣ ወይ ቦምብ ወይም ነዳጅ መቀነስ። በጥናታችሁ ውስጥ ይህን ስሌት ካስገባችሁ፣ ከማንኛውም የፋብሪካ ሰንጠረዥ ይበልጥ የእናንተ ይሆናል።

ሜዳው ያለበት ቦታም ከማሽኑ እኩል መመዘን አለበት። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ታንኮች እስከ ድሬዳዋ ዳርቻ ሲደርሱ የተፈለገው የባቡር ጣቢያው ብቻ አልነበረም፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ጭምር ነው። ድሬዳዋ ብትያዝ ኖሮ ጄቶቹ ከደብረ ዘይት መነሳት ነበረባቸው። ከዚያ እስከ ጅጅጋ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከድሬዳዋ የሚደረገው ጉዞ አራት እጥፍ። በአንድ ቀን የሚደረገው ምልልስ ይቀንሳል፣ ለነዳጅ ሲባል ቦምቡ ይቀንሳል፣ ዒላማው ላይ የሚቆዩበት ደቂቃም ይቀንሳል። ከተማዋን የተከላከሉት ወታደሮችና ሚሊሻዎች ያዳኑት የአየር ኃይሉንም ክንድ ነበር።

ኤፍ-5፦ የዚህ አካባቢ ታሪክ ለሚስባችሁ

ኖርዝሮፕ ኩባንያ ኤፍ-5ን ያሰበው ውድ አውሮፕላን መግዛትም ሆነ መንከባከብ ለማይችሉ የአሜሪካ ወዳጆች ነው። የመጀመሪያው ናሙና እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 1959 በረረ፣ በዚያው የመጀመሪያ በረራው የድምፅን ፍጥነት አለፈ። ምሥጢሩ ሞተሩ ነው። ጄ-85 የተባለችው ትንሽ ሞተር መጀመሪያ የታሰበችው የጠላትን ራዳር ለሚያታልል ሚሳይል ነበር። ከክብደቷ አንጻር የምትሰጠው ግፊት ትልቅ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቀላል ተዋጊ መሥራት ተቻለ። ሁለት ሞተር መኖሩም አንዱ ቢመታ በሌላው ለመመለስ ዕድል ይሰጣል።

ኢትዮጵያ ኤፍ-5ኤን የተቀበለችው በ1958 ዓ.ም. ነው። የተሻሻለው ኤፍ-5ኢ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1972 ለመጀመሪያ ጊዜ በርሮ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ማብቂያ ወደ ደብረ ዘይት ደረሰ። 14.45 ሜትር ይረዝማል፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 8.13 ሜትር ነው። ከፍተኛ የመነሻ ክብደቱ 11,200 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ውጪ የሚያንጠለጥለው ጭነት እስከ 3,175 ኪሎ ግራም፣ ትልቁ ፍጥነቱ ማክ 1.6 ያህል ነው። አፍንጫው ላይ ሁለት የ20 ሚሊ ሜትር መድፎች፣ በክንፎቹ ጫፍ ደግሞ የሞተርን ሙቀት ተከትለው የሚመቱ ሳይድዋይንደር የተባሉ ሚሳይሎች አሉት።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. እነዚህ ጥቂት ኤፍ-5ኢዎች በወረቀት ላይ ከሚፈጥኗቸው የሶማሊያ ሚግ-21ዎች ጋር ገጠሙ፤ አሸነፉም። በዚያ ፍልሚያ ስማቸው ከፍ ብሎ ከሚጠራው አብራሪዎች አንዱ ለገሠ ተፈራ ናቸው፤ የጠላት አውሮፕላኖችን ከጣሉ በኋላ ራሳቸው ተመትተው ተማረኩ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያህል በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተው በ1980 ዓ.ም. ተመለሱ። ስለ ኤፍ-5 የሚጽፍ ተማሪ እኚህን ሰው ሳይጠቅስ ማለፍ የለበትም።

ድሉ የተገኘው ከማሽኑ ብቻ ነው ብላችሁ ግን አትጻፉ። ኤፍ-5ኢ በቅርብ ፍልሚያ ጥሩ እንደሚተጣጠፍ እርግጥ ነው፤ ሶቪየቶች ራሳቸው ከቬትናም ጦርነት በኋላ የተማረከ ኤፍ-5ኢ ወስደው ከሚግ-21 ጋር ሲፈትኑት በቅርብ መተጣጠፍ በልጦባቸዋል። የአሜሪካ አየር ኃይልም የሁለቱን መቀራረብ አይቶ አብራሪዎቹን ለሚግ-21 የሚያዘጋጀው በኤፍ-5 እያስመሰለ ነበር። ነገር ግን ከማሽኑ ጀርባ በዓመታት የተገነባ የበረራ ትምህርት ቤት፣ የለመዱ የምድር ቴክኒሻኖችና በጥንድ የመዋጋት ሥልጠና ነበሩ።

ደካማ ጎኑ መለዋወጫው ነው። በ1969 ዓ.ም. አሜሪካ ለደርግ ትሰጥ የነበረውን የጦር መሣሪያ ስታቆም፣ እያንዳንዱ የበረራ ሰዓት ካለው ክምችት የሚቀነስ ሆነ። አንድ አገር አውሮፕላን ሲገዛ የሚገዛው ወዳጅነትም ጭምር መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ኤፍ-5ን ከመረጣችሁ አንድ ወጥመድ አለ። በእኛ አገር ዝናው የአየር ለአየር ውጊያ ነው፤ ርዕሳችሁ ተዋጊ ቦምብ ጣይ ከሆነ ግን የምድሩን ሥራ ማምጣት አለባችሁ፤ የታንክ ሰልፍ ማጥቃትን፣ የስንቅና የነዳጅ መኪናዎችን መንገድ መቁረጥን። ሚግ መጣል ብቻ ከሆነ የጻፋችሁት፣ ጥናቱ ግማሽ ነው።

ሚግ-21፦ የዓለሙን ታሪክ ለሚፈልግ

ሚግ-21 ናሙናዎቹ እ.ኤ.አ. በ1955 መብረር ጀምረው በ1959 አገልግሎት ላይ ዋለ። ከአሥር ሺህ በላይ ተሠርቷል፤ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ከሚበርሩ ተዋጊዎች ይህን ያህል የተመረተ የለም። ስለዚህ ከግብፅ እስከ ህንድና ቬትናም ብዙ አገር የሚነካ ታሪክ መጻፍ የሚፈልግ ተማሪ ይህን ይምረጥ።

ለቦምብ ሥራ ግን ከሦስቱ ደካማው እርሱ ነው። የተፈጠረው ከፍ ብሎ የሚመጣን ቦምብ ጣይ በፍጥነት ወጥቶ ለመምታትና ለመመለስ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን አጭር ክንፉ 7.15 ሜትር ብቻ ይሰፋል፤ ማክ 2ን ያልፋል፤ ነዳጁ ግን ትንሽ ነው። የአየር መሳቢያው አፍንጫው ላይ ስለሆነ ራዳሩ መሃል ላይ በተቀመጠው ሾጣጣ ውስጥ መግባት አለበት፤ ትልቅ ራዳር እዚያ አይገባም። ከሃርጌሳ እስከ ድሬዳዋ በቀጥታ መስመር 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያንን መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ቦምብና ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ተሸክሞ ለሚመጣ ሚግ-21፣ ከተማው ላይ ተዘዋውሮ ለመዋጋት የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የሚግ-21 ዋነኛ ሚሳይል የነበረው ኬ-13 የሳይድዋይንደር ግልባጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በታይዋን ወሽመጥ ሳይድዋይንደር አንድ የቻይና ሚግ-17ን መትቶ ሳይፈነዳ ተሰክቶ ቀረ፤ ሶቪየቶች ወስደው ገለበጡት። ከሃያ ዓመት በኋላ በእኛ ሰማይ ላይ ሁለቱ ወገኖች የአንድ ቤተሰብ ሚሳይል ታጥቀው ተገናኙ።

ሚግ-23 ቢኤን፦ ስሙ የሚገባው

ከሦስቱ ከመጀመሪያው ለምድር ጥቃት የተዘጋጀው ይህ ብቻ ነው። የሚግ-23 ናሙና ተለዋዋጭ ክንፉን ይዞ እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1967 በረረ፤ የቦምብ ጣዩ ዝርያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለ። ለርዕሱ ታማኝ መሆን ከፈለጋችሁ ምርጫዬ ይህ ነው።

የክንፉን ሥራ በደንብ ተረዱት። አብራሪው በግራ እጁ ማንሻ ክንፎቹን በሦስት ደረጃ ያስቀምጣቸዋል፤ 16፣ 45 እና 72 ዲግሪ። ለመነሳትና ለማረፍ ይዘረጋቸዋል፤ ስፋታቸው 14 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ብዙ ክብደት ያነሳሉ። ለፍጥነት ጭልፊት ስትወረወር እንደምታደርገው ወደ ኋላ ይሰበስባቸዋል፤ ስፋቱ ወደ 7.8 ሜትር ይወርዳል። ከላይ ስለ ድሬዳዋ የሳሳ አየር የጻፍኩትን አስታውሱ፤ የሚዘረጋ ክንፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ሜዳ በቀጥታ የተሰጠ መልስ ነው። ጠንካራ እግሮቹም ያልተስተካከለ ሜዳን ይችላሉ። የዚህ ሁሉ ዋጋ ክብደት ነው፤ ክንፉን የሚሸከመው ማጠፊያና የሚገፋው ሥርዓት ከባድ ናቸው፣ ጥገናውም የበረታ ነው።

አፍንጫው ሌላው መለያው ነው። የአየር ለአየሩ ሚግ-23 ትልቅ ራዳር የሚይዝበት ሾጣጣ አለው፤ ቢኤን ግን ራዳሩ ወጥቶለት አፍንጫው ወደ ታች አዘቅዝቋል፣ አብራሪው ከፊቱ ያለውን ምድር እንዲያይ። እዚያ ውስጥ የዒላማውን ርቀት በጨረር የሚለካ መሣሪያ አለ። የአብራሪው ክፍል ጎኖች ከምድር ከሚተኮስ ጥይት በብረት ሰሌዳ ተጠብቀዋል። ሦስት ሺህ ኪሎ ግራም ቦምብ ይሸከማል፣ ሆዱ ሥር ባለ ሁለት አፈሙዝ የ23 ሚሊ ሜትር መድፍ አለው፣ ትልቁ ፍጥነቱ ማክ 1.7 ያህል ነው። ልብ በሉ፤ ከሚግ-21 ይዘገያል፣ ለቦምብ ሥራ ግን እጅግ ይበልጠዋል። የፍጥነትን ጥያቄ ወደ ኋላ ያደረግሁት ለዚህ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ሶቪየት ኅብረት ከሶማሊያ ወደ ኢትዮጵያ ወገን ከቀየረች በኋላ ነው። ሶማሊያ የሶቪየት አማካሪዎችን ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም. አባረረች፤ ብዙም ሳይቆይ ትልቅ የአየር ማጓጓዣ ዘመቻ ወደ ኢትዮጵያ ጀመረ፤ የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ አጠገብ ባለው ካራማራ ላይ ድል ተገኘ። ሚግ-23 ቢኤን ግን የአገልግሎት ዘመኑን በአብዛኛው ያሳለፈው ከዚያ በኋላ፣ በደርግ ዘመኑ የሰሜን ጦርነት ነው።

እዚህ ላይ ጠንክሬ የምለው አለኝ። ሚግን የሚያጠና ሰው ስለ ሐውዜን መጻፍ አለበት። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በትግራይዋ ሐውዜን የገበያ ቀን ነበር፤ የመንግሥት ሚጎች ገበያውን ደበደቡ፣ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ዓመት ከድንበሩ ማዶ የሶማሊያው መሪ የሲያድ ባሬ አየር ኃይል የራሱን ከተማ ሃርጌሳን ደበደበ፤ ዛሬ ከተማው መሃል ሐውልት ላይ የተሰቀለው ሚግ-17 የዚያ መታሰቢያ ነው። የአንድን ቦምብ ጣይ የመሸከም አቅም በኪሎ ግራም ጽፎ የወደቀበትን ቦታ መዝለል ለሙያውም ለሟቾቹም ታማኝ አይደለም።

ሌሎቹን በአጭሩ

ኤፍ-105፣ ፋንተም፣ ኤፍ-111 የሚባሉት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ይፈትኗችኋል፤ ሥዕላቸው ያምራል፣ ቁጥራቸው ይገርማል። ኤፍ-105 ከስድስት ቶን በላይ ይሸከም ነበር፤ ከተሠሩት 833 ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጉት በቬትናም ዘመቻ ጠፍተዋል። ሁሉም ጥሩ ርዕሶች ናቸው። ነገር ግን በኢትዮጵያ አየር ኃይል ውስጥ ስላላገለገሉ ከንባብ ሌላ ምንጭ አታገኙም። ሱ-27 በ1991 ዓ.ም. መጥቶ ከኤርትራ ሚግ-29ዎች ጋር ቢዋጋም በዋነኛነት የአየር ለአየር ተዋጊ ነው፤ ለዚህ ርዕስ አይሆንም።

ሞዴል ለምትሠሩ

በካርቶን፣ በስስ እንጨትና በኮላ ለሚሠራ ጀማሪ ሚግ-21 ቀላሉ ነው፤ አካሉ ቧንቧ፣ ክንፉ ሦስት ማዕዘን ነው። ከ50 አንድ በሆነ ልኬት ክንፉ 14 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ኤፍ-5ኢ በዚሁ ልኬት 29 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ክንፉ 16 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወገቡ ላይ የሚቀጥነውን ቅርጽ ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል፣ የክንፍ ጫፍ ሚሳይሎቹን ካልረሳችሁ ግን ማንም ያውቀዋል። ሚግ-23 የሚከብደው ማጠፊያው ነው። ክንፉ በእውነት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከ28 ሴንቲ ሜትር ወደ 16 ያህል ይሰበሰባል፤ ለኤግዚቢሽን የሚያክለው የለም፣ ምክንያቱም ተመልካቹ በእጁ አንቀሳቅሶ ይማራል። ማጠፊያው ሁለቱን ክንፎች እኩል እንዲያንቀሳቅስ ካልተደረገ ግን ሥራው ይበላሻል፤ ጊዜ ከሌላችሁ በተዘረጋው ክንፍ አጣብቁት።

ምስክር ስትጠይቁ

በከዚራ፣ በመጋላ፣ በሳቢያን፣ በሐረር ጁገል ውስጥም ያንን ክረምት የሚያስታውሱ አዛውንቶች አሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ሦስቱን በመልክ መለየት ተለማመዱ። አፍንጫው የተከፈተ ቧንቧ ከሆነና ክንፉ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ሚግ-21 ነው። ረጅም ሹል አፍንጫ፣ በክንፍ ጫፍ ሚሳይል ካለው ኤፍ-5 ነው። በአንገቱ ግራና ቀኝ ሰፋፊ የአየር መሳቢያ ካለውና ክንፉ አንዴ ሰፊ አንዴ ጠባብ ከታየ ሚግ-23 ነው።

«አባባ፣ የትኛውን አውሮፕላን አዩ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «እርስዎ ያን ጊዜ የት ነበሩ? ማን አብሮዎት ነበር?» በሉ፤ አውሮፕላኑ ከታሪኩ ውስጥ ራሱ ይመጣል። በድሬዳዋ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ያንን ጦርነት በተለያየ መንገድ ሊያስታውሱት ይችላሉ፤ ኢትዮጵያዊ ሶማሌ ጎረቤቶቻችሁንም ጠይቁ፣ በአክብሮትና ጥፋተኛ ሳትፈልጉ። አንዱ ብቻ ከተጻፈ የከተማዋ ታሪክ አይደለም።

ወሩን ግን ሳትጠይቁ አትነሱ። በሐምሌና በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ሰማዩ ላይ የታየ ሚግ-21 የሶማሊያ ነው። ከኅዳር 1970 ወዲህ ከሆነ ግን በኢትዮጵያ በኩል የሚበርር ሊሆን ይችላል፤ መልኩ አንድ ነው፣ ከታች ለሚያይ ሰው የሚለየው ምልክቱ ብቻ ነው። «ሚግ መጥቶ ደበደበን» እና «ሚግ መጥቶ አዳነን» የሚሉ ሁለት አዛውንቶች ብታገኙ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ቀኑን የማያስታውሱ ከሆነ ዝናቡን፣ የበዓሉን ሰሞን፣ ባቡሩ ይሠራ እንደነበር ጠይቋቸው፤ ወሩን በዚያ ታገኙታላችሁ።